ስንዝር ተኩል ትንፋሽ

በሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው መስኮት የለሽ ክፍል፣ የሰው ንግግር ሲያሳጥር ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሰው ነበር። ሥራው ኤዲተር ይባላል። ባልደረቦቹ ግን ጋሽ ምላጭ ይሉታል።

ያኔ ድምፅ የሚቀዳው በቡናማ የቴፕ ክር ላይ ነው። ጋዜጠኛው ከመስክ ቀድቶ ያመጣውን፣ ጋሽ ምላጭ ማሽኑ ላይ ጠምጥሞ ያዳምጠዋል። የማይፈለገው ነገር ጋ ሲደርስ ክሩን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ እያንከባለለ ቦታውን ያገኛል፤ በነጭ እርሳስ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ በምላጭ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጥና የቀሩትን ሁለት ጫፎች በቀጭን ፕላስተር ያጋጥማቸዋል። ረጃጅሙ ቁራጭ ተቀጣጥሎ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ እንደገና ይቀዳበታል። አጫጭሩ ወለል ላይ ይወድቃል። የአንድ ሰከንድ ድምፅ አንድ ስንዝር ያህል ክር ስለሚፈጅ፣ ጋሽ ምላጭ ጊዜን የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በመዳፉ ነበር፤ የሹም ሳል ግማሽ ስንዝር፣ የፈሪ ሰው ዝምታ አራት ስንዝር፣ «ማለት ነው» የምትለዋ የሁላችን ምርኩዝ ደግሞ ስንዝር ልትሞላ ጥቂት የቀራት።

ሕጉ አንዲት ነበረች። «ያለ እሱ ከቆመ፣ ይውጣ።»

ከክፍሉ ውጭም ያው ነበር። ሰላምታውን ያሳጥራል፣ ስልኩን ያሳጥራል። ልጅ የተወለደለት ቀን «ምን ተገኘ?» ብለው ሲጠይቁት «ሴ» ብሎ ወደ ሥራው ገባ እያሉ ባልደረቦቹ ይስቁበት ነበር። ይህ እንኳ የሐሰት ወሬ ነው፤ ያን ቀን ሙሉውን ቃል ተናግሯል፤ ዓይኑም እርጥብ ነበር።

ግን ማሳጠሩን የሚንቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ገበሬ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተናገረ። መንግሥትን ረገመ፣ ወንዙን ረገመ፣ የበሬዎቹን ቀለም ሳይቀር ቆጠረ። ጋሽ ምላጭ ቀኑን ሙሉ አብሮት ዋለና ሲወጣ በእጁ የቀረው ይህ ነበር፦ «ቤቴ ሄዷል። ቁልፉ ኪሴ ነው።» ያቺ ስድስት ስንዝር የማትሞላ ድምፅ በተላለፈች ማግስት፣ ከማያውቃቸው ከተሞች ሳይቀር ለገበሬው ልብስና ቆርቆሮ ተላከ። አለቃው እንዴት እንዳደረገው ሲጠይቀው፣ «ትንሽ ድንጋይ ናት ሩቅ የምትወረወር» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነበር።

ፈጣሪ ግን ፌዘኛ ነው፤ ለዚህ ሰው የሰጠው ሚስት ነገርን ከሰማይ ዳመና የምትጀምር ሴት ነበረች።

አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያ ውላ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምራለች። ስላዋለደቻት ሴት ልትነግረው ነው፤ ግን መጀመሪያ ጠዋት ዳመና እንደነበር፣ ቀጥሎ አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ዶሮ እንደ ጮኸች፣ ቀጥሎ የዶሮዋ ባለቤት የሩቅ ዘመዷን እንደምትመስል ትነግረዋለች። መሐል ላይ ቆም ትላለች፤ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች፤ የሚያስቀው ገና ሳይነገር ራሷ ቀድማ ትስቃለች። እሱ እጁን እያሸ «ፍሬ ነገሩን» ይላታል። እሷ ደግሞ ልብስ እያጣጠፈች፣ ከየት እንደምታመጣው በማይታወቅ ዜማ፣

አሳጥሪው ይለኛል ነገሬን ወዳጄ፣
ፍቅር መንገድ ነው እንጂ መቼ ሆነ ደጄ።

ትለዋለች። «አንተ ሰውዬ» ትለው ነበር አንዳንዴ፣ «እኔን ስታገባ እንኳ የተናገርከው ሁለት ቃል ነው። ነይ እንኑር። በቃ። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ ይመጣል ብዬ እየጠበቅሁ ነው አብሬህ የኖርኩት።» ይስቃሉ። ዕቃቸው ጥቂት፣ ክፍላቸው ሁለት፣ መስኮታቸው የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ ቢሆንም፣ ቤቱ በእሷ ድምፅ የተነሣ ሰፊ ነበር።

ልጃቸው አንድ ዓመት ሲሆናት፣ ጣቢያው ስለ እናቶች ጤና ለሚያሰራጨው ፕሮግራም ጋዜጠኛዋ ሄዳ ሚስቱን አነጋገረቻት። የተቀዳው አሥራ አንድ ደቂቃ፣ የተሰጠው ቦታ አንድ ደቂቃ ተኩል። አለቃው፣ የገዛ ሚስትህን ከምትቆርጥ ለሌላ ሰው ይሰጥ ብሎት ነበር። ጋሽ ምላጭ ፈገግ እንኳ አላለም፤ ክር ክር ነው አለ።

ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀና ተቀመጠ። ዳመናውን አወጣ። አውቶቡሱን አወጣ። መጀመሪያ ያዋለደቻትን ሴት ስታስታውስ የተሰበረውን ድምፅ አወጣ፤ አድማጭን ይረብሻል። በየመሐሉ የምትስበውን ትንፋሽ አንድ በአንድ እየነቀሰ አወጣ። «ባለቤቴ ይህንን ሲሰማ ይቆርጠዋል» ብላ የሳቀችበት ቦታ ጋ ሲደርስ እጁ ቆም አለ። ሳቋን በመዳፉ ለካው፤ ሦስት ስንዝር ሆነ። ያለ እሱ ይቆማል፤ ቆረጠው። ቁራጩ ከጉልበቱ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ካሉት ጋር ተቀላቀለ።

ፕሮግራሙ የተላለፈ ቀን ሁለቱም እቤት ነበሩ። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ከሬዲዮው የወጣችው ሴት የጠራች፣ የረጋች፣ አንዲት ቃል የማታባክን ነበረች። ሲያልቅ ሚስቱ ሬዲዮውን ጥቂት አየችውና፣

«ጎበዝ ሴት ናት። እኔ ግን አላውቃትም» አለች።

ቀልድ መሰለው። ባልደረቦቹም ቀልድ ብለው ለዓመታት ደጋገሙት።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሕመሟ ከጀመራት ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከጎረቤት ትውላለች። ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመጋረጃው ጥላ አልጋው ላይ ሲወዛወዝ፣ ሚስቱ አንድ ነገር ልትነግረው ጀመረች። ያን ቀን ታስታውሳለህ፣ ጠዋት ዳመና የነበረ ቀን፣ አለችው። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። በየቃሉ መሐል የምትስበው አየር የድሮው አልነበረም፤ ወንፊት ውስጥ እንደሚያልፍ ነፋስ ነበር። ጋሽ ምላጭ ልቡ ተሸበረ። እንዳትደክምበት ብሎ፣ ከፍቅሩ ብዛት፣ የሚያውቃትን አንዲት መድኃኒት ሰጣት።

«አትድከሚ» አላት። «በአጭሩ ንገሪኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ያቺ ቀድማ የምትስቃት ሳቅ ከከንፈሯ ጫፍ ብቅ ብላ ተመለሰች።

«በአጭሩማ» አለችው፣ «ደህና ሁን ነው።»

የዳመናው ቀን የትኛው ቀን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። በትዳራቸው ውስጥ ስንት ዳመናማ ጠዋት ነበር። እያንዳንዱን አንሥቶ እያየ፣ ይኼ ይሆን እያለ፣ ዓመታት ገፋ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረው ግን የት እንደሚሄድ የነገረን የለም።

ልጅቷን ብቻውን አሳደገ። በጥቂት ቃል አሳደጋት። ብዪ፣ ተኚ፣ በርቺ፣ አይዞሽ። «አይዞሽ»ን የሚላት ግን ሌላው ሰው መጽሐፍ በሚጽፍበት መጠን ነበርና ልጅቷ ፍቅር አላጣችም። ያጣችው ሌላ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ እንደ እናቷ አዋላጅነት ልትማር ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት፣ ሐሙስ ቀን ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች፣ የእናቷ ድምፅ እንደጠፋት ነገረችው። ፊቷን ከፎቶ ታውቃለች። እጇን ትንሽ ታስታውሳለች። ድምፅ ግን የለም፤ ልትሰማ ስትሞክር የጎረቤታቸው ሴትዮ ድምፅ ነው የሚመጣላት። ሳልሰማት አልሄድም አለችው። ከዚያ በፊት እምቢ ብላው አታውቅም።

አባትየው ደስ አለው። ያለው ነገር ተጠየቀ። ጣቢያው ወደ ኮምፒዩተር ከዞረ ቆይቶ ነበር፤ የተላለፉት ክሮች ግን በመጋዘን፣ በየካርቶናቸው፣ ቀናቸው ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። ዕለቱን ይዟት ሄደ። አቧራ የበላውን አሮጌ ማሽን አጸዳ፣ ክሩን ጠመጠመ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ራሷ ላይ አደረገላትና ፊቷን እያየ ቆመ።

አንድ ደቂቃ ተኩል። ልጅቷ አልተነቃነቀችም። ሲያልቅ እንደገና አሰማኝ አለችው። አሰማት። ሦስተኛውን ጊዜ ስትጨርስ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወረደችና እንዲህ አለች፦

«አባዬ፣ እማዬ አትተነፍስም ነበር?»

ይህን ያለችው ለመውቀስ አልነበረም። በእርግጥ መጠየቋ ነበር። ዜና አንባቢ ትመስላለች አለችው፤ ቆንጆ ታነባለች፤ ግን የማንም እናት ልትሆን ትችላለች።

ጋሽ ምላጭ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ድምፅ ሲያጸዳ፣ ቆሻሻ ብሎ የጣለው ሰውየው ራሱ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ሚስቱ ነግራው ነበር፤ እኔ ግን አላውቃትም ብላው ነበር። ዘፍኖ የማያውቅ ሰው፣ በዚያች ወንበር ላይ፣ በሚስቱ ዜማ አንድ ነገር አፉ ውስጥ ሲዞር ተሰማው፦

ትንፋሽሽን ጥዬ ቃልሽን ብቻ ባስቀር፣
ቃልሽ ሰው አጣና ቀረ እንደ ባዶ አገር።

ጮክ ብሎ አልተናገረውም። ለልጁ የተናገረው «አገኛለሁ» ብቻ ነው።

ወለል ላይ የወደቁት ቁርጥራጮች የት እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር። የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት፣ በየማታው ጠርገው በጆንያ ይወስዷቸዋል። ክሩ ጠንካራ ነው፤ ቢጎትቱት አይበጠስም፤ ለጓሮ ይሆናል ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። አርብ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ደረሰ።

ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ከሩቅ ይሰማል። ጓሮው በሙሉ፣ ወፍ እንዲያባርር፣ ከካስማ ካስማ በቡናማ ክር ተወጥሯል። ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ብዙ ሰው ማጉረምረም ያለ ድምፅ ይሰጣል። የባቄላውና የቲማቲሙ ግንድ ሁሉ በክር ታስሯል። እትዬ ጎንበስ ብለው አረም እየነቀሉ ነበር፤ ቀና ብለው ሲያዩት ወዲያው አወቁት።

«ምላጭ ዛሬ ደግሞ ምን ሊቆርጥ መጣ?» አሉ።

ተሳሳሙ። ወንበር አወጡለት፤ አልተቀመጠም። ወፎቹ በእርግጥ ክሩን ይፈሩ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ነገሩን በቀጥታ መጀመር አቅቶት ነበር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የሹማምንት ንግግር ነዋ ልጄ» አሉት። «እኛስ ስንሰማው እንሸሽ አልነበር?» ሳቁ። ባቄላዬ ውስጥ የአገሩ ሳልና የአገሩ «እ… እ…» በሙሉ አለ፣ አንድ ቀን ይናገራል ብዬ እፈራለሁ፣ አሉት። እሱ ግን አልሳቀም። ፊቱን አዩና ሳቃቸውን ዋጡ።

«ምነው?»

«ክር ፈልጌ ነው፣ እትዬ።»

«የማንን?»

«የሚስቴን።»

እትዬ በእጃቸው የያዙትን አረም መሬት አስቀመጡ። ውጭ የተወጠረው ከንቱ ነው፣ ፀሐይ በልቶታል፣ በየዓመቱ እቀይረዋለሁ አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ከሣጥን ሥር ሕፃን ልጅ የሚያክል የክር ድቡልቡል አወጡ። ለባቄላ ማሰሪያ እንዲሆን አጠር አጠር አድርገው እየቆረጡ የጠመጠሙት ነው። የትኛው ዓመት እንደሆነ አያውቁም። የእሷ ይኑርበት አይኑርበትም አያውቁም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉት፣ ድቡልቡሉን እንደ ሕፃን እያቀፉት። ተረቱን የተረቱት ለስድብ አልነበረም፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። «ደግ ሴት ነበረች። እኔን ቆማ የምታነጋግረኝ እሷ ነበረች፤ አንተን ልትወስድ ስትመጣ። ወሬዋ መቼም አያልቅም ነበር።»

ቅዳሜና እሑድ አባትና ልጅ ከመጋዘኑ አልወጡም። ልጅቷ ድቡልቡሉን ትፈታለች፣ ፕላስተር ትቆርጣለች፤ አባት ያጋጥማል። ሲቆርጥ የኖረ እጅ አሁን የሚያገናኘው የጣለውን ነበር። ሃያ ሠላሳውን ቁራጭ ቀጥለው ማሽኑ ላይ ያዞሩታል፣ ያዳምጣሉ፣ ይጥሉታል፣ እንደገና ይቀጥላሉ። ምን ያልሰሙት አለ። የወንድ ሳል። የወንበር ሲጥ ማለት። «ማለት ነው… ማለት ነው…»። አንዲት አሮጊት «እንዴት ብዬ ልንገርህ» ብላ የምታለቅሰው። አንድ ሰው የተጠየቀውን ከመመለሱ በፊት ዝም ያለበት ዝምታ፣ በውስጡ ሩቅ የሚጮህ ውሻ። ልጅቷ አንዳንዱን ስትሰማ ትስቃለች፣ አንዳንዱን ስትሰማ ዓይኗን ትጨፍናለች። አባትየው ግን እያንዳንዱን አስታወሰ ማለት ይቻላል፤ ሲቆርጣቸው ያልሰማቸውን ሰዎች አሁን ሰማቸው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ውሸታም አይመስሉም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ድቡልቡሉ እያለቀ መጣ። የተጠመጠመበት ዱላ መታየት ሲጀምር ልጅቷ መሣቅ ካቆመች ቆይታለች። ሻንጣዋ እቤት ተዘግቶ ይጠብቃል፤ አውቶቡሱ የሚነሣው ሰኞ ጠዋት ነው።

በመጨረሻ ከቀጠሏቸው ቁራጮች መሐል ነበር። አንዲት ሴት አየር ወደ ውስጥ ሳበች፤ በመሳቧ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፣ ሳቅ ሊሆን የጀመረ ነገር፤ ከዚያ ተቆረጠ። ቃል የለውም።

ጋሽ ምላጭ ማሽኑን አቆመው። መለሰው፤ ደገመው። ቁራጩን አውጥቶ በመዳፉ ለካው። ስንዝር ተኩል። አንዱ ጫፍ ሰያፍ ነው፣ የእሱ ምላጭ። ሌላው ጫፍ ቀጥ ያለ፣ የእትዬ መቀስ፣ ለባቄላ ማሰሪያ። ሁለቱ ደግ ሰዎች ሳያውቁ ከሁለት በኩል የቆረጡት ነገር መዳፉ ላይ ተኝቷል።

«እሷ ናት?» አለች ልጅቷ።

እሷ ትመስለው ነበር። ግን የእሷ ሳቅ ሦስት ስንዝር ነበር፣ ይሄ ገና መጀመሩ ነው፤ በመጀመሩ ደግሞ የሰው ሳቅ ሁሉ ይመሳሰላል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የስንት ሴት ትንፋሽ እንደቆረጠ እግዜር ይቁጠረው። ደግሞ ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው፤ ጆሮው አርጅቷል፤ እጁም መስክሮ አያውቅም። ቢሆንም ልቡ፣ ያ ሰነፍ ልቡ፣ ትንፋሿ ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሥቷል፤ ደግሞ ባይሆንስ፣ ይህች ልጅ ነገ ምን ይዛ ትሂድ። ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሙሉው እውነት፣ ከነዳመናው፣ ከነአውቶቡሱ። እንደ ክር ተጠምጥሞ ምላሱ ላይ ደረሰ።

ምላጩን አነሣ።

«እሷ ናት» አለ።

ልጅቷ አልጮኸችም። ራሷን ክንዱ ላይ አሳርፋ፣ በስልኳ ቀዳችው። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ስንዝር ተኩሏን ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደሰማቻት አልቆጠረም። አንድ ጊዜ ግን እሷም ሳታውቀው አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማት፤ በዚያችው ልክ፣ በዚያችው መሰንጠቅ። አንገቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰኞ ጠዋት ዳመና ነበር። የአውቶቡስ ጣቢያው ግቢ በሰውና በሻንጣ ተጨናንቋል። የሚሰናበቱት ሁሉ የሚሉትን አሉ፤ ጋሽ ምላጭ «በርቺ» አለ፣ «አይዞሽ» አለ። ልጅቷ ገብታ ከመስኮቱ ዳር ተቀመጠች። መስኮቱ የሚከፈት ዓይነት አይደለም። ስልኳን አውጥታ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ስታደርግ አያት፤ ምን እንደምትሰማ አልጠፋውም። ፊቷ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ አይቶት የማያውቀው ዕረፍት ነበር።

ያን ጊዜ አፉ ተከፈተ።

«ልጄ» አለ፣ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ። «ያን ቀን ጠዋት ዳመና ነበር። እናትሽ እንደሁ ነገር ከዳመና ነበር የምትጀምረው። መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን ምን ለብሳ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም…»

ሞተሩ ተነሣ። ልጅቷ እንደማይሰማት በምልክት ነገረችው፤ ጆሮዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፤ ፈገግ አለች። እሱ ግን አላቆመም። አረንጓዴ ሹራብ ነበር የለበሰችው፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ፤ አውቶቡስ ውስጥ ዶሮ ጮኸች፤ ያቺን ትንፋሽ እሷ ናት ያልኩሽ፣ ልጄ፣ የነገሩ መነሻ፣ ማለት ነው… አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አብሮት መራመድ ጀመረ፤ እጁ መስታወቱ ላይ፣ አፉ እያወራ፣ መሐል ላይ አየር እየሳበ። ከኋላው ያሉ ሸኚዎች ይህ ሰውዬ ወሬው አያልቅም እንዴ ተባባሉ።

አውቶቡሱ ከግቢው በር ሲወጣ፣ ገና ፍሬ ነገሩ ጋ አልደረሰም ነበር።